ወንዙ የተቀጣበት ቀን

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ወንዝ ተከሶ፣ ተፈርዶበት፣ ሊታሸግ ሲል አየሁ። ሳይጠፋብኝ ልንገራችሁ።

አስቀድሜ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ስንዱ እባላለሁ። በወረዳችን የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ ነኝ። ከከተማችን በላይ አንድ የቆዳ ፋብሪካ አለ፤ ባለቤቱ አቶ ግርማቸው ይባላሉ። ፋብሪካው ቆዳ ያጠበበትን ውሃ ሳያጣራ ዝግባ ወንዝ ውስጥ ይለቀዋል። ደንቡ ይከለክላል፤ ፋብሪካው ይለቃል። ከታች ያሉት ገበሬዎች ሌላ ውሃ የላቸውም፤ ከብቶቻቸውም እንደዚያው። ባለፈው ክረምት የጋሽ በላቸው በሬ፣ ቡሬ፣ ሊጠጣ ወንዙ ዳር እንዳጎነበሰ ሳይነሣ ቀረ። ጋሽ በላቸው በሬውን በገዛ ነጠላቸው ሸፍነው ሲያለቅሱ ደረስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዕረፍት አላውቅም። ስጽፍ፣ ስመላለስ፣ ስለማመጥ፣ ስጣላ ከረምኩ። በመጨረሻ ትናንት ከሰዓት በኋላ በጽሕፈት ቤታችን ፋብሪካው ጥፋተኛ ነው፣ ቅጣት ይክፈል ተብሎ ተወሰነ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ ራቴን እንኳ በቅጡ ሳልበላ ተኛሁ።

በሕልሜ ረፋድ ላይ ነበር። ወደ ቢሮ እየሄድኩ ነው። አደባባዩ ጋ ስደርስ ሰው ሁሉ በመኪናዎች መሐል እየተሽሎከሎከ ይሻገራል። እኔ ግን ዜብራውን ፈልጌ፣ ግራ ቀኝ አይቼ ተሻገርኩ። ገና እግሬ አስፋልቱን ሳይለቅ ፊሽካ ተነፋ። አንድ ትራፊክ ፖሊስ እያለከለከ ደረሰብኝ።

«በየት ነው የተሻገርሽው?» አለኝ።

«በዜብራ።»

«ደግሞ አታፍሪም፣ ትናገሪዋለሽ! በዚያ ላይ ግራ ቀኝ አይተሻል። አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

«ሕግ አክብረሽ እጅ ከፍንጅ ተይዘሽ ምን አጠፋሁ ትያለሽ? ቅጣትሽ የቀኝ እግር ጫማሽ ነው።»

በዚያ አገር ቅጣት የሚከፈለው በገንዘብ አልነበረም። ይህን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩት፤ በሕልም እንዲህ ነው። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አውልቄ ሰጠሁት። እሱም አቧራውን አራግፎ ኪሱ ከተተው። ወዲያው ሰው በሰው ላይ የጫነ ሚኒባስ በተከለከለ አቅጣጫ እየበረረ መጣ። ፖሊሱ አስቆመውና ሾፌሩን ከወንበሩ አውርዶ ጉንጩን ሳመው። አንገቱም ላይ የአበባ ጉንጉን አጠለቀለት። ሾፌሩ አይኑ እንባ አቅርሮ፣ «ይህ የእኔ ብቻ ሳይሆን የረዳቴም ድካም ውጤት ነው» አለ። ተሳፋሪው በሙሉ አጨበጨበ፤ ማጨብጨቢያ ቦታ ያጡት ደግሞ በእግራቸው ወለሉን ደበደቡ።

በአንድ እግሬ ጫማ፣ በአንድ እግሬ ካልሲ እያነከስኩ ቢሮ ደረስኩ። በሩ ላይ ሰዎች የሠርግ ልብስ ለብሰው ተሰልፈዋል። ስኳር ውስጥ አሸዋ የቀላቀለው ነጋዴ አለ፤ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት የሸጠው ባለ ፋርማሲ አለ። ሁሉም ሽልማታቸውን ሊቀበሉ ነው። ከሰልፉ ጎን አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ለብቻዋ ቆማ ታለቅሳለች።

«ምን ሆነሽ ነው እህቴ?» አልኳት።

«ሙሉ ግራም ጋግሬ ተገኘሁ» አለችኝ፣ ፊቷን በሻሿ እየሸፈነች። «ለአንድ ቀን ብቻ ነበር። ልጆቼ እንዳይሰሙብኝ።»

«ምን ቀጡሽ?»

«የእጄን ሙቀት ወሰዱት። ከእንግዲህ ሊጥ እንዴት ይነሣልኛል?»

እጇን ያዝኩት። እንደ ቧንቧ ብረት ቀዝቅዟል። ወዲያው በሩ ተከፈተና አለቃዬ አቶ ዳምጠው ብቅ አሉ። ኮታቸውን ገልብጠው ለብሰውታል፤ ገበሩ ውጪ ነው፣ የውስጥ ኪሶቹም እንደ ጆሮ ተንጠልጥለዋል።

«ስንዱ! የት ጠፍተሽ ነው? ተከሳሹ መጥቶ እየጠበቀ ነው።»

«የትኛው ተከሳሽ?»

«ዝግባ ወንዝ ነዋ!»

«ወንዙ? በምን ተከሶ?»

«ያለ ፈቃድ ንፁህ ሆኖ በመገኘት። ከፋብሪካው በላይ ሄደን አየነው፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ አንድ በአንድ ይታያል። ይባስ ብሎ ዓሣ ተገኝቶበታል።»

«ዓሣ መኖሩ ምን ጥፋት አለው?»

አቶ ዳምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንዳቸውም የቀበሌ መታወቂያ የላቸውም።»

«ከተፈረደበት ምን ይሆናል?»

«ይታሸጋል።»

«ወንዝ በምን ይታሸጋል?»

«ሱቅ በምን ይታሸጋል? በወረቀትና በማስቲሽ ነዋ!»

ወንዙ ከታሸገ ከታች ያለው ሰው በሙሉ ማለቁ ነው። በሕልሜም ቢሆን ይህ አልጠፋኝም።

«እኔ እከራከርለታለሁ» አልኳቸው።

«አትችዪም። ለተከሳሽ መከራከር የሚችለው ተከሳሹን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«ግዴለም፣ እገባለሁ።»

«አውቀሽ ለመግባትማ ቅጣት አለው። ጥላሽን ነው የምታስረክቢው።»

«ይውሰዱት።»

አቶ ዳምጠው ተንበርክከው ጥላዬን ከእግሬ ሥር ላጡት። እንደ ሰሌን ጠቅልለው ቁም ሳጥን ላይ ወረወሩትና እጃቸውን አራግፈው በሩን ከፈቱልኝ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወንዙ የተከሳሽ መቆሚያው ውስጥ ቆሟል። ወንዝ እንዴት ይቆማል አትበሉኝ፤ ቆሟል፣ በአይኔ አይቻለሁ። እንደ ገጠር ሰው ከተማ ሲገባ ተሸማቆ ጥጉን ይዟል። ወለሉን እንዳያረጥብ ራሱን ሰብስቦ ነበር። ያም ሆኖ ትንሽ ትንሽ ያንጠባጥባል፤ ባንጠባጠበ ቁጥር «ይቅርታ» ይላል።

በሰብሳቢው ወንበር ላይ የተቀመጡት አቶ ግርማቸው ናቸው። ትናንት በፋብሪካቸው ላይ የተወሰነው የቅጣት ውሳኔ በመስታወት ተለብጦ እንደ ሜዳልያ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። በየመሐሉ በእጅጌያቸው ይወለውሉታል።

«ተከሳሽ፣ ስምህን ተናገር» አሉ።

«ዝግባ» አለ ወንዙ።

«ሥራህ?»

«መውረድ።»

«አድራሻህ?»

«አንድ ቦታ አልቀመጥም ጌታዬ።»

«ቋሚ አድራሻ የለውም። ይህ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ለምንድን ነው ንፁህ ሆነህ የተገኘኸው?»

ወንዙ ትንሽ አሰበ። «ከምነሣበት ጀምሮ እንደዚህ ነኝ። ሌላ መሆን አላውቅበትም።»

«ሰማችሁት? አይጸጸትም!» አሉ አቶ ግርማቸው። አዳራሹ አጉረመረመ። «ምስክሩ ይግባ።»

የኋላው በር ተከፈተ። ጋሽ በላቸው ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በሌላው እጃቸው ገመድ እየሳቡ ገቡ። በገመዱ ጫፍ ቡሬ ነበር። ያው ነጭና ጥቁር ነቁጥ፣ ያው የተሰበረ የግራ ቀንድ። ነጠላው እስከ አሁን ጀርባው ላይ አለ።

«ጋሽ በላቸው» አልኳቸው በሹክሹክታ፣ «ቡሬ ሞቷል እኮ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ብነግረው እምቢ አለ። መጥሪያ ከደረሰኝማ አልቀርም ብሎ ነው የመጣው። ታውቂው የለ፣ ከሥራ ቀርቶ አያውቅም።»

አቶ ግርማቸው በሬውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ከዚህ ወንዝ ጠጥተሃል?»

«ጠጥቻለሁ» አለ ቡሬ። ድምፁ ወፍራምና የተረጋጋ ነበር።

«ከጠጣህ በኋላስ ምን ሆንክ?»

«ሞትኩ።»

«ከመሞትህ በፊት ለፋብሪካው አስታውቀህ ነበር?»

«ጊዜ አላገኘሁም» አለ ቡሬ።

«ሳያስታውቅ መሞቱን አመነ! ቅጣቱ የፋብሪካውን መሬት ማረስ ነው። ከዛሬ ጀምሮ።»

«ሞቻለሁ እኮ ጌታዬ።»

«መሞት ከቅጣት ነፃ አያደርግም። ቀንበር አምጡለት።»

ሁለት ደንብ አስከባሪዎች ቀንበር ተሸክመው መጡ። ጋሽ በላቸው ግን መሐል ገብተው ቆሙ። ቆባቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ሲሉ አየኋቸው።

«እሱ ይረፍ» አሉ። «ዕድሜውን ሙሉ አርሶልኛል። አንገቱን ታውቁታላችሁ? ጠጉር አልነበረበትም። እኔ አርስለታለሁ።»

ቀንበሩንም ተቀብለው በገዛ አንገታቸው አጠለቁት። ቡሬ አንዴ አያቸው። ቀርቦም እንጨቱ የነካቸውን ቦታ በምላሱ ላሰላቸው። ከአዳራሹ አንድ ሰው ሳቀ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ወንበሬን ገፍቼ ተነሣሁ።

«እኔ የምናገረው አለኝ!»

«ስምሽ?»

«ስንዱ!»

«ተናገሪ።»

«ወንዙ ከተራራው ሲነሣ ንፁህ ነው፤ ፋብሪካዎ ጋ እስኪደርስ ድረስም ንፁህ ነው። የሚያቆሽሸው ከአጥርዎ ሥር የወጣው ቱቦ ነው። ቡሬን የገደለው ወንዙ አይደለም፤ እርስዎ ወንዙ ውስጥ የጨመሩት ነው። መታሸግ ያለበት ቱቦው ነው። ጨረስኩ።»

ወንዙ ማንጠባጠቡን ሳይቀር አቆመ። አቶ ግርማቸው አገጫቸውን ደግፈው አዳመጡኝ፤ ከዚያም በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልክ ነሽ» አሉኝ። «ያልሽው በሙሉ እውነት ነው።»

«እውነት ከሆነማ…»

«እውነት ነው፤ ስለዚህ ትቀጫለሽ። ጸሐፊ፣ ስሟን ተቀበያት።»

ጸሐፊዋ መጥታ ስሜን ከጆሮዬ ላይ እንደ ጉትቻ ፈትታ ወሰደችው። አላመመኝም። ብቻ ዞር ብዬ ማን ነበርኩ ብል የሚመልስልኝ አጣሁ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም ፈለግኩ፣ የለም። መታወቂያዬን አወጣሁ፣ ፎቶዬ አለ፣ ስሙ ባዶ ነው። ይህን ጊዜ ጋሽ በላቸው ከቀንበራቸው ሥር፣ «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። ልጄ የሚለውን አልወሰዱትም ነበር። እሱን ይዤ ቆምኩ።

ፍርዱ ተነበበ፤ ወንዙ ይታሸግ ተባለ። ሳላስበው ሁላችንም ወንዙ ዳር ነበርን። አዳራሹ የት እንደሄደ አላውቅም። ወንዙ ቦታው ላይ ተኝቷል። ደንብ አስከባሪዎቹ አንድ ባልዲ ማስቲሽና «ታሽጓል» የሚል የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ይዘዋል። አንዱ ጎንበስ ብሎ ማስቲሽ ቀባና ወረቀቱን ውሃው ላይ ለጠፈው። ወረቀቱ ተንሳፍፎ ሄደ። ሌላ ለጠፈ፤ እሱም ሄደ።

«አይዝም ጌታዬ» አለ።

«መጀመሪያ በጨርቅ አድርቀው!» ብለው ጮኹ አቶ ዳምጠው። ሰውየው ጨርቅ አውጥቶ ወንዙን ይወለውል ጀመር። ጨርቁን ይጨምቃል፣ ይወለውላል፣ ደግሞ ይጨምቃል። ላብ በላብ ሆነ።

ወንዙ አዘነለት። ቀና ብሎ፣ «ትንሽ ልቁምልህ?» አለው። «ዝም ብዬ ከቆምኩ ይይዝልህ ይሆናል።»

የውሃው ድምፅ ቀስ እያለ መጥፋት ጀመረ። ጠርዙ ላይ አረፋው ረጋ። ከታች በኩል እንስራ ይዘው የሚጠብቁ ሴቶች አየሁ፤ እንስራቸውን ወደ ውሃው ዘቅዝቀው ይጠብቃሉ፣ የሚገባ ነገር ግን የለም።

«አትቁም!» ብዬ ጮኽኩ። «አንተ ዝግባ! እንዳትቆም! ከቆምክ አለቅን!»

«ድምፅዋን!» አሉ አቶ ግርማቸው።

ጸሐፊዋ ከየት እንደመጣች ሳላይ ፊቴ ላይ መሐረብ ዘረጋች። «ትፊው» አለችኝ። ድምፄ እንደ ደረቅ ሽምብራ ከጉሮሮዬ ተስፈንጥሮ መሐረቡ ላይ ወደቀ። ቋጥራ ወሰደችው። አፌን ብከፍት ነፋስ ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን ቀረኝ? ስም የለኝ፣ ጥላ የለኝ፣ ድምፅ የለኝ። እግሬን አየሁት። አንድ ጫማ አለ። እሱን ራሴ አወለቅኩትና ደንብ አስከባሪው እጅ ላይ አስቀመጥኩለት። ከዚያ ወንዙ ውስጥ ገባሁ።

ውሃው ይቀዘቅዛል። ጉልበቴን፣ ቀጥሎ ወገቤን ያዘኝ። ሊቆም የነበረው ውሃ እኔ ጋ ሲደርስ ግራ ገብቶት ዞረኝ፤ ሲዞረኝ ደግሞ ተንቀሳቀሰ።

«ውጪ!» አሉኝ አቶ ዳምጠው ከዳር ሆነው። «ስንዱ፣ ኧረ ተይ፣ ውጪ! በውስጡ ሰው ያለበት ነገር አይታሸግም፣ ደንቡ አይፈቅድም!»

ስሜን ሲጠሩት ሰማሁት፤ የማን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። በአንገቴ እምቢ አልኳቸው።

«እሷን አሽጓት!» አሉ አቶ ግርማቸው።

ሰውየው ሱሪውን ሰብስቦ ገባና ግንባሬ ላይ «ታሽጓል» የሚለውን ለጠፈብኝ። እኔ ላይ ያዘ። አልወጣሁም። ኋላዬ ውሃው ሲንቦጫረቅ ዞር አልኩ፤ ቡሬ እየገባ ነው። ጎኔ መጥቶ ቆመ። ከጎኑ ጋሽ በላቸው ከነቀንበራቸው ቆሙ። ከታች እንስራ የያዙት ሴቶች አንድ በአንድ ገቡ። ያቺ እጇ የቀዘቀዘው ዳቦ ጋጋሪም ቀሚሷን በጥርሷ ነክሳ ገባች። ማንም ምንም አልተናገረም። የወንዙን ወርድ ሞልተን ቆምን። ደንብ አስከባሪው ከግንባር ግንባር እየዞረ ሲለጥፍ ወረቀቱ አለቀበት።

«እንግዲያው ቅጧቸው!» አሉ አቶ ግርማቸው። «አንድ በአንድ!»

ደንብ አስከባሪው እኔን አየኝ፣ ቡሬን አየው፣ ጋሽ በላቸውን አያቸው። ባዶ እጁን ዘረጋ።

«ምን ልውሰድባቸው ጌታዬ? ምንም አልቀራቸውም።»

አቶ ግርማቸው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። በዚያች ቅጽበት ውሃው ከጀርባችን መግፋት ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ በጉልበት፤ እግራችን መሐል እየገባ፣ ጠጠሩን እያንከባለለ፣ ወደ ታች። ወንዙ እየወረደ ነበር። ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ ግን የለኝም። እንደምንም ብዬ፣ ጉሮሮዬን አስጨንቄ፣ አንድ ነገር ልጮህ ስታገል ስልክ ጮኸ።

ነቃሁ። ረፍዷል፤ የሥራ ሰዓት አልፎብኛል። ስልኩን እየዳበስኩ አነሣሁት፤ አቶ ዳምጠው ናቸው፣ እውነተኛው።

«ስንዱ! እንኳን ደስ ያለሽ! ፋብሪካው ቅጣቱን ከፈለ!»

«ከፈለ?» አልኩ፤ ድምፄ መውጣቱ ራሱ ገረመኝ። «ሳይከራከር?»

«አንድ ቃል ሳይናገሩ! አቶ ግርማቸው ራሳቸው በር ሳይከፈት መጥተው ሲጠብቁ ነው ያገኘናቸው። በጣም ጨዋ ሰው ናቸው። ለሠራተኛውም ሻይ ጋበዙ።»

«ማጣሪያውን መቼ ነው የሚተክሉት?»

«እሱን እንኳ አላነሡም» አሉ። «ግን… የሚመጡትን አምስት ዓመታት ቅጣትም አብረው ከፍለዋል። ማጣሪያ ከምተክል ይኼ ይረክስልኛል፣ እናንተም በየዓመቱ እየተመላለሳችሁ አትድከሙ አሉ። መቼም እንዲህ የሚያስብልን ባለሀብት አይተን አናውቅም።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ለራሴም አልገባኝም።

«አቶ ዳምጠው» አልኳቸው፣ «ሰውየው ገና ላላጠፉት ጥፋት ከከፈሉ፣ ሊያጠፉ መሆኑን በገዛ አፋቸው ነግረውናል ማለት ነው።»

«እ?»

«ለአምስት ዓመት እመርዛችኋለሁ ብለው፣ ሻይ ጋብዘው ሄዱ። እርስዎም ምስክር ነዎት፣ ሠራተኛውም በሙሉ።»

«ስንዱ… ተይ እንጂ። ከፍለዋል እኮ፣ ምን ቀረሽ?»

«ፍርድ ቤት እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚሠራው?» አልኳቸው። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ልብሴን መልበስ ጀምሬ ነበር።